የተንቀጠቀጠው አሸዋ

ሬሳውን ያገኘው ዘበኛው ነው። እሑድ ጠዋት ግቢውን ሊዞር ወጥቶ፣ በአዲሱ ድልድይ ግንብ ሥር፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ ላይ ሽማግሌው በጎናቸው ተኝተው አየ።

«ደክሟቸው ጋደም ያሉ መስሎኝ ነበር» አለ ለኢንስፔክተሯ፣ ቆቡን በሁለት እጁ እያሻሸ። «በኋላ ግን እሳቸው መቼ ደክሟቸው ያውቃል ብዬ አሰብኩና ቀረብ ብዬ አየኋቸው።»

ሟቹ የአፈር ሙሌቱን ጥራት የሚቆጣጠሩ ሰው ነበሩ። ድልድዩን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው አፈር በአንድ ጊዜ ተደፍቶ አይሞላም። ንጣፍ በንጣፍ እየፈሰሰ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ዳምጠው የሚባለው ከባድ መኪና እየተመላለሰበት ይጠቀጠቃል። አንዱ ንጣፍ በደንብ መጠቅጠቁን ሽማግሌው ፈትሸው «አልፏል» ካላሉ ሌላው አይደረብበትም። ካላለፈ ደግሞ ቃላቸው አንዲት ናት፤ «ይቆፈር!» ይላሉ። ሠራተኛውም በዚችው ቃላቸው «አባ ይቆፈር» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ሲሰሙ ከልባቸው ይስቁ ነበር ይባላል። ንጣፍን ግን ስቀው ያለፉበት ቀን የለም።

የፖሊስ ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ።

«ከላይ ነው የወደቁት» አለ በመጨረሻ። «ጭንቅላታቸውም ዳሌያቸውም ተመትቷል። ግን ወዲያው አልሞቱም።»

«ምን ያህል ቆዩ?»

«ሰዓታት ሳይቆዩ አይቀሩም። ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ…» ንግግሩን አልጨረሰውም። የሽማግሌውን ክርን አሳያት። እጅጌው ተቦጭቋል፤ ድንጋዩ ላይ ወደ በሩ አቅጣጫ የተጎተተ ነገር ምልክት አለ። ወደ ሰው ሊሄዱ ሞክረው ነበር።

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። በቅጽበት የሄዱትን እንደምንም ትችላቸዋለች። እየጠበቁ የሞቱት ግን ቤቷ ድረስ ይከተሏታል፤ ምሳዋን ሲነጥቋት፣ ልጆቿን ያለምክንያት ሲያስቆጧት ይከርማሉ። እኚህም እንደሚከተሏት ገና እዚያው አወቀችው።

በመሰላል ወደ ሙሌቱ አናት ወጣች። የተዳመጠው አፈር እንደ ሊሾ ወለል ተለስልሶ ይታያል። ዳምጠው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ቁልፉ አልተሰካበትም። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ የሽማግሌው ዕቃ እንዳለ ነው። መሮ፣ መዶሻ፣ ማንኪያ፣ ከጉድጓድ የወጣ አፈር የታሰረበት ላስቲክ፣ ጉልበታቸውን እንዳይቆረቁራቸው ያነጠፉት ጃኬት። መሃል ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ተቀምጧል፤ አፉ ላይ ሾጣጣ ማንቆርቆሪያና መክፈቻ ተገጥሞለታል። ቆባቸው ከዕቃው አልፎ ጠርዙ አጠገብ ወድቋል።

የግንባታው ላቦራቶሪ ኃላፊ ተጠርታ መጣች። ሽማግሌው ሥራ ያስለመዷት ወጣት መሐንዲስ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምን እየሠሩ ነበር?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ጥቅጥቅታውን እየለኩ። ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና የወጣው አፈር ይመዘናል። ጉድጓዱ ስንት እንደሚይዝ ለማወቅ ደግሞ ደረቅ አሸዋ እናፈስበታለን። ከዚህ ዕቃ ስንት አሸዋ እንደወረደ ካወቅን የጉድጓዱን ልክ አገኘን ማለት ነው። ከዚያ የአፈሩን ክብደት ለጉድጓዱ ልክ ማካፈል ብቻ ነው።»

«መክፈቻው ክፍት ነው።»

ወጣቷ ጎንበስ ብላ አየች። «እንግዲያው አካባቢው ሁሉ ጭጭ ብሎ ነበር። አሸዋው ሲፈስ አጠገባቸው ሞተር የሚባል አይነሳም። ጋሪ ቢገፋ እንኳ ይጮሃሉ። እኔን አንድ ቀን አስነጠስሽ ብለው ተቆጥተውኛል።» ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «የጀመሩትን ልጨርስላቸው?» አለች።

ለምርመራው ምን እንደሚጠቅም ኢንስፔክተሯ አልታያትም። እምቢ ለማለት ግን አንጀቷ አልቻለም። ሁሉም ነገር ፎቶ ከተነሣ በኋላ፣ «ጨርሺላቸው። ጉድጓዱን ግን እንዳታበላሺው፤ ፖሊስ ይጠብቀዋል» አለቻት።

ዘበኛው ወሬ የሚያጥረው ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን በመሆኑ ሠራተኛው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ወጥቷል። የቀሩት ሽማግሌውና ዳምጠውን የሚነዳው ልጅ ብቻ ናቸው።

«ልጁ አማቻቸው ነው፤ የልጃቸው ባል» አለ ዘበኛው። «ከሰዓት በኋላ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው እየሮጠ ወጣ። ምን ሆነሃል ስለው ‹ሚስቴ ምጥ ላይ ናት› አለኝ። ‹አባትየውስ?› አልኩት። ‹ፍተሻ ላይ ናቸው› ብሎኝ ነጎደ።»

«ከእሱ በኋላ የገባ አለ?»

«በበሩ የገባ የለም። በወንዙ በኩል ግን አጥር የለንም፤ እሳቸውም በዚያ የወጡ መስሎኝ ነው ያልፈለግኳቸው።» ዘበኛው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከአፌ አይውጣ እንጂ፣ የኮንትራክተሩ መሐንዲስ ቅዳሜ ጠዋት ተጣልቷቸው ነበር። ‹አንድ ቀን ከዚህ ግንብ ላይ ወርውሬዎት እገላገላለሁ!› ሲል ያልሰማ ሰው የለም።»

«ከሰዓት በኋላስ ድምፅ አልሰማህም? ጩኸት፣ ሞተር?»

«እዚህ በሩ ላይ ውሃ የሚስበው ፓምፕ አለ። እሱ ሲሠራ እንኳን የሰው ጩኸት የራሴን ሐሳብም አልሰማ።»

መሐንዲሱ በቆርቆሮ ቢሮው ውስጥ ላብ አጥምቆት ተገኘ። ከሃምሳ የዘለለ፣ ጢሙን የሚንከባከብ፣ ጮክ ብሎ ማውራት የለመደ ሰው ነው። ዛሬ ግን ድምፁ ወርዷል።

«ብያለሁ፤ አልክድም» አለ። «ይቺን ንጣፍ ደጋግመው አስቆፍረውኛል! ሥራው ዘገየ፣ አለቆቼ ነፍሴን አወጡት። ተናደድኩና አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ። ሰው እንዲህ ያለውን በቀን ስንቴ ይላል!»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ባለቤትዎ አልነበሩም ብለውናል።»

መሐንዲሱ ጢሙን ዳበሰ፤ ግድግዳውን አየ። የት እንደነበር ግን አልናገርም አለ። ወደ ጣቢያ ተወሰደ። ረዳቷ ወንበዴ የያዘ ያህል ደስ ብሎት «ተገላገልን!» ሲላት፣ «ገና ምኑን አይተህ» አለችው።

ለሟቹ ልጅ መርዶውን የምትነግረው እሷው ነበረች። የማዋለጃው ክፍል ነጭ ነው፤ የመድኃኒትና የወተት ሽታ ተቀላቅሎበታል። ወላዷ ትራስ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች። ባሏ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ገና የልጅ ነው። ኢንስፔክተሯን ከነዩኒፎርሟ ሲያይ ብድግ አለ።

ኢንስፔክተሯ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማስረዘም ጭካኔ ነው ብላ ታምናለች። ከግንቡ ወድቀው ሰዓታት ቆይተው መሞታቸውን በአጭሩ ነገረቻት።

ልጅቷ አልጮኸችም። ሕፃኑ ጡቷ ላይ ነበርና መጮህ የፈራች ትመስላለች። እንባዋ ብቻ እየወረደ የሕፃኑን መጠቅለያ አራሰው።

«ሌሊቱን ሙሉ ‹አባዬስ?› ስለው ነበር» አለች ወደ ባሏ እያመለከተች። «‹ሥራ ይዟቸው ነው› ይለኛል። የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ሳያይ የሚያድር ሰው ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ቂም ያዝኩበት። ሞቶ እኔ አኮረፍኩት!»

ባልየው ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«እትዬ» አለች ልጅቷ፣ የኢንስፔክተሯን እጅ ይዛ። «ሲሞት ብቻውን ነበር? ማን ነው እንደዚያ ጥሎት የሄደው? ማንም ይሁን ማን ይንገሩኝ። ሳላውቅ ይቺን ነፍስ ማሳደግ አልችልም።»

ኢንስፔክተሯ ቃል መግባት አትወድም፤ በሥራዋ ቃል የሚገባ ሰው አንድ ቀን ውሸታም ይሆናል። የዚያን ዕለት ግን ራሷን ነቀነቀች።

ባልየውን ወደ ኮሪደሩ አወጣችው። የተጠየቀውን ሳያንገራግር መለሰ። ንጣፉን ዳምጦ ጨረሰ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ከሆስፒታል ስልክ ተደወለለት፤ ቁልፉን ነቅሎ ወጣ።

«አባባ ገና እየቆፈሩ ነበር። ‹በል ሂድ፣ እኔም ጨርሼ እመጣለሁ› አሉኝ።»

«አሸዋውን ሲከፍቱት አላየህም?»

«ኧረ ገና ነበሩ።»

«ቁልፉስ?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። «አንድ እሱ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ከጠፋ ቆየ፤ አሠሩልን ብዬ ስንት ጊዜ ጮህኩ።»

ልጁን ወደደችው። ከሱ ጋር ስታወራ የራሷ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ብታገባ ብላ እስከ ማሰብ ደርሳለች፤ በኋላ ይህ ትዝ ሲላት ያማት ነበር።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሱ ተናዘዘ። የተናዘዘው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ለማንም አይናገሩብኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «መንዳት እየተማርኩ ነበር።»

«ምን እየተማሩ?»

«መኪና መንዳት! ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ስሠራ ኖርኩ፤ መሪ ይዤ አላውቅም። ሁሌ ሾፌር ነው የሚያመላልሰኝ። ሠራተኛው ቢሰማ መሳቂያ አያደርገኝም? ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳት።»

አስተማሪው ተጠየቀ። ከሰዓቱን ሙሉ አብረው ነበሩ፤ በዚያ ላይ ሰውየው የአንዱን ሱቅ ደጃፍ ነክቶ ባለሱቁ ሰው ሰብስቦበት ነበርና ምስክር ሞልቷል። ረዳቷ እስኪያነባ ሳቀ። ኢንስፔክተሯም ፈገግ አለች። ሳቃቸው ሳይበርድ ስልኳ ጮኸ። የላቦራቶሪው ወጣት መሐንዲስ ነበረች፤ «ቢመጡ ይሻላል» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ላቦራቶሪው ጠባብ ክፍል ነው። በአንድ በኩል ሚዛኖች፣ በሌላው አፈር የሚደርቅበት ምድጃ አለ። ወጣቷ የሽማግሌውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ደርድራዋለች።

«ነገሩ አልገጥም አለኝ» አለች። «አባባ ባፈሰሱት አሸዋ ሳሰላው ጉድጓዱ ሰፊ፣ አፈሩ ደግሞ ልል ሆኖ ይወጣል። ንጣፉ ወደቀ ማለት ነው። እኔ ግን በመሮ ነክቼዋለሁ፤ ድንጋይ ሆኗል። ስለዚህ አሸዋውን አውጥቼ፣ ጉድጓዱን ስስ ላስቲክ አልብሼ በውሃ ለካሁት። ጉድጓዱ ትንሽ ነው። የበዛው አሸዋው ነው።»

«በትንሽ ጉድጓድ ብዙ አሸዋ እንዴት ይገባል?»

«ጣሳ ሙሉ ስኳር ጠረጴዛ ላይ ሲያንኳኩት ምን ይሆናል?»

«ዝቅ ይላል።»

«ቦታ ይለቅና ሌላ ይጨምራል። ይኼም አሸዋ እየፈሰሰ ሳለ ተንቀጥቅጧል። አጠገቡ ከባድ ነገር መሬቱን ሲያርገፈግፈው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የምትቀመጥበት ወንበር ፈለገች። «ሞተር ካልጠፋ አይከፍቱም አላልሽኝም?»

«አይከፍቱም። ከከፈቱት በኋላ ነው የተነሣው።»

እዚያ ሜዳ ላይ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ነገር አንድ ብቻ ነው። ቁልፉም አንድ ነው። ያንን ቁልፍ ደግሞ በገዛ ዓይኗ አይታዋለች።

«በትክክለኛው ልክ ሲሰላስ?» አለች፣ ለመውጣት ተነሥታ ሳለች። «ንጣፉ እንዴት ነው?»

ወጣቷ ወደ ሚዛኑ ዞረች። «አልፏል» አለች። «በደንብ ነው ያለፈው።»

ምጡ ከብዷት ስለነበር ወላዷ ገና ከሆስፒታል አልወጣችም። ኢንስፔክተሯ ባልየውን በግቢው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው። ክስ አላነበበችም፣ አልጮኸችም። ስለ አሸዋው ወጣቷ እንደነገረቻት አድርጋ ነገረችው።

ልጁ ብዙ አልታገለም። እንዲያውም ሸክም ያወረደ ያህል ጀርባው ጎበጠ።

«ስልክ ተደወለልኝ» አለ። «ምጡ ጠንቶባታል፣ ቶሎ ና አሉኝ። አባባን ለመንኳቸው። ‹አልፏል በሉና አብረን እንሂድ› አልኳቸው። ‹እኔም ልቤ እዚያ ነው ያለው› አሉኝ። ‹ግን ነገ ሰው የሚሄድበት ነው። ትንሽ ታገሥ። ካለፈ አብረን እንበራለን፤ ካላለፈ ደግመህ ትዳምጠዋለህ።› ከወደቀ እስኪመሽ መውጫ እንደሌለኝ አውቃለሁ። እስከዚያው ደግሞ እሷ ብትሞትብኝስ?»

«ከዚያስ?»

«አሸዋውን ከፈቱት። እኔ ደግሞ… ዳምጠው ሲንቀጠቀጥ አይደል አፈሩ የሚጠቀጠቀው? ሄድ መለስ ብዬ አጠገባቸው ባንቀጠቅጠው የጎደለው ይሞላል፣ ያልፋል ብዬ አስነሣሁት።»

«አሸዋው እንዲበዛ ነው የምታደርገው። ያለፈውንም ይጥለዋል።»

«አላወቅኩም። ስንት ዓመት ስነዳ ‹አቁም› ሲሉኝ አቆማለሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።» በመዳፉ ግንባሩን መታ። «ዘለው ተነሡ። ‹አቁም!› እያሉ በኋላዬ መጡ። እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር፤ አላየኋቸውም። ሲሸሹኝ ጠርዙን ለቀቁ። ሞተሩን አጥፍቼ ሮጥኩ። ከላይ ሳያቸው አይንቀሳቀሱም። ሞተዋል ብዬ…»

«ወርደህ አላየህም?»

«አላየሁም።»

ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ኢንስፔክተሯ በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሯን ያሸበተችው በከንቱ አልነበረም፤ እስካሁን ያለው ሁሉ እውነት፣ ይኼኛው ግን ውሸት መሆኑን አወቀች። ማስረጃ ግን የላትም። ወርዶ ያየ ሰውና ከላይ ያየ ሰው ለሕግም ለሰውም እኩል አይደሉም።

«ንጣፉ» አለ ልጁ በድንገት። «አልፎ ነበር?»

ዝም ማለት ትችል ነበር። «አልፎ ነበር» አለችው።

ልጁ አፉን በክንዱ ይዞ አለቀሰ። አንዲት ነርስ ስታልፍ ልጅ የሞተበት መስሏት ራሷን ነቀነቀች። ሲረጋጋ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ለሚስቱ እሱ ራሱ ይንገራት። ደንቡ አይፈቅድም። ኢንስፔክተሯ ተነሥታ «ና» አለችው።

ወደ ክፍሉ ሲገቡ ወላዷ ሕፃኑን ሰጥታው ትራሷን ልታስተካክል ተነሣች። እሱም ልጁን እንደታቀፈ ቆሞ ነገራት፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ልመናው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ጠርዙ። ኢንስፔክተሯ በሩ አጠገብ ቆማለች። ልጅቷ ሲናገር አላቋረጠችውም። ሲጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ወርደህ አይተኸዋል?» አለችው።

እሱ ወደ ሕፃኑ አቀረቀረ።

«እኔን እያየህ ንገረኝ።»

«ወረድኩ።»

«ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍሱ ነበር።»

«ምን አለህ?»

ልጁ ሕፃኑን ወደ ደረቱ አጥብቆ ያዘው። «‹ምንም አልሆንኩም፣ አንተ እሷ ጋ ሂድ› አሉኝ። ‹ስትደርስ ሰው ላክልኝ።›»



«ለምን አልላክህም?» አለች በሹክሹክታ።

«ዘበኛውን በሩ ላይ ሳገኘው ልነግረው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ገፍትረሃቸው ነው ይሉኛል፣ ያስሩኛል፣ አንቺን ሳላይ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚህ ሆኜ እደውላለሁ አልኩ። ስደርስ ልጁ እየተወለደ ነበር። ወዲያው አንቺ ሳቅሽ። ትንሽ ቆይቼ አልኩ። ትንሽ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ ለምን ዘገየህ የሚሉኝ እየበዛብኝ ሄደ። ‹አባዬስ?› ስትዪኝ ሁሉ ልነግርሽ ነበር። ሁሌ ልነግርሽ ነበር።»

ልጅቷ ተነሣች። እግሯ ገና አልጸናም፤ የአልጋውን ብረት ይዛ አጠገቡ ደረሰች። የምትመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። እሷ ግን እጇን ከሕፃኑ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ወሰደችው። ወደ አልጋዋ ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ጡቷን ሰጠችው።

«እትዬ» አለች ሳትዞር። «አሁን ይውሰዱት።»